በሃሎንግ ባሕረ ሰላጤ ላይ አንድ ሌሊት

በሩቅ ምሥራቅ፣ በቪየትናም አገር ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ፣ ሃሎንግ የሚባል ባሕረ ሰላጤ ይገኛል። ስፋቱ 1,553 ኪሎ ሜትር ካሬ ሲሆን፣ በውስጡ ተበትነው ያሉት ደሴቶችና የድንጋይ ዐምዶች ተቈጥረው 1,969 ሆነዋል። ደሴት ሲባል ግን የጣናን ደሴቶች የሚያውቅ አንባቢ በዚያው ዓይን እንዳይገምተው እንለምናለን። የጣናው ደሴት ሰው የሚኖርበት፣ ቡናና ጌሾ የሚተከልበት፣ ገዳም የተገደመበት ነው። የሃሎንጉ ደሴት ግን፣ ከጥቂቶቹ በቀር፣ ሰው የማይኖርበት፣ ከባሕሩ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ የወጣ፣ ከጫፉና ከስንጥቁ ላይ ቍጥቋጦ የበቀለበት ራቁት አለት ነው። በአገራችን አነጋገር እንግለጸው ቢባል፣ ብዙ አምባዎች በአንድ ሜዳ ላይ ተሰብስበው ሳሉ ሜዳው እስከ ወገባቸው ድረስ በውሃ ቢሞላ ይህን ይመስላል ማለት ይቀርበዋል።

ወደዚህ ስፍራ የሄድነው አምስት ሆነን ነበር፤ ይኸውም ባልና ሚስት፣ ሁለት ልጆች፣ እንዲሁም ዕድሜያቸው ከ70 ያለፈ እናታችን ናቸው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2025 ወደ ሃኖይ መብረር ስለ ጀመረ፣ ቀድሞ በስም ብቻ ይታወቅ የነበረው ይህ አገር ለእኛ ሰው እንግዳነቱ እየቀነሰ መሄዱ አይቀርም። ቤተ ሰቡን ይዞ፣ ይልቁንም አረጋውያንን አስከትሎ ለመሄድ የሚያስብ ሰው ቢኖር፣ ያየነውን መጻፍ ይጠቅመዋል ብለን አሰብን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኘው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

የሥነ ምድር ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ እነዚህ ዐለቶች የኖራ ድንጋይ ናቸው። ከብዙ መቶ ሚሊዮን ዓመታት በፊት፣ ሙቅ ከነበረ ባሕር በታች፣ የጥቃቅን ፍጥረታት ዛጎልና ቅርፊት እየተነባበረ ድንጋይ ሆነ። ከዚያም ምድሪቱ ከፍ ብላ ከባሕር በወጣች ጊዜ ዝናብ ይወርድባት ጀመር። የዝናብ ውሃ ጥቂት ኮምጣጣነት ስላለው፣ የኖራን ድንጋይ እንደ ጨው ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። በስንጥቁ እየገባ ሲበላው ኖረና፣ የጸናው ድንጋይ ዐምድ ሆኖ ቀረ፤ የላላው ሸለቆና ዋሻ ሆነ። በመጨረሻም የዓለም በረዶ ቀልጦ ባሕሩ ከፍ ባለ ጊዜ፣ ይኸውም ባለፉት 10 ሺህ ዓመታት ውስጥ፣ ውሃ ሸለቆውን ሞላውና ኰረብታው ደሴት ሆነ። የባሌውን ሶፍ ዑመር ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ የወይብ ወንዝ በዚያ ዋሻ የሠራው ሥራ ከዚህኛው ጋር አንድ ዓይነት ነውና። ልዩነቱ በሃሎንግ ባሕር መጨመሩ ብቻ ነው። የባሕረ ሰላጤው ጥልቀት በአብዛኛው ስፍራ ከ10 ሜትር የማያልፍ መሆኑን ስንሰማ ተደነቅን። መርከባችን ይንሳፈፍ የነበረው በሰመጠ ሜዳ ላይ ነበር።

የአገሩ ሰዎች ግን ሌላ ታሪክ አላቸው። ሃሎንግ ማለት በቋንቋቸው «የሚወርድ ዘንዶ» ማለት ነው። በጥንት ዘመን ጠላት በመርከብ በመጣባቸው ጊዜ፣ እናት ዘንዶ ከልጆቿ ጋር ከሰማይ ወርዳ ሉልና ዕንቍ ከአፏ ተፋች፤ ያም ወደ ድንጋይ ተለውጦ የጠላት መርከቦች እየተላተሙበት ሰጠሙ ይላሉ። እናቲቱ የወረደችበት ሃሎንግ፣ ልጆቿ የቀሩበት ደግሞ ባይ ቱ ሎንግ ተባለ። በእኛ ዘንድ ዘንዶ የክፉ ምሳሌ ስለ ሆነ፣ ልጆቻችን የሚረዳና የሚያድን ዘንዶ መኖሩን ሲሰሙ ግር አላቸው። በዚያ አገር ግን ዘንዶ ዝናብን የሚያመጣ፣ የንጉሥ ክብር ምልክት የሆነ፣ የሕዝቡም አባት ተደርጎ የሚነገርለት ፍጥረት መሆኑን አስረድተናቸዋል።

ከተረቱ ጀርባ እውነተኛ ታሪክም አለ። ከባሕረ ሰላጤው በስተ ምዕራብ ባክ ዳንግ የሚባል ወንዝ ወደ ባሕር ይገባል። በ938 ንጎ ክዊየን የተባለው የጦር አለቃ፣ በ1288 ደግሞ ትራን ሁንግ ዳኦ የተባለው መስፍን፣ በዚህ ወንዝ አፍ ላይ የሾሉ የእንጨት ካስማዎች ከወለሉ አስተክለው ነበር። ባሕሩ ሲሞላ ካስማው አይታይም፤ ትንንሽ ጀልባዎች እየሸሹ የጠላትን ታላላቅ መርከቦች ወደ ውስጥ ይስባሉ። ባሕሩ ሲጐድል ግን መርከቦቹ በካስማው ላይ ተሰክተው ይቀራሉ። በመጀመሪያው ጦርነት ድል የሆነው ከቻይና ደቡብ የመጣ ጦር ነበር፤ በሁለተኛው የሞንጎሎች ጦር ነው። የሁለተኛው ጦርነት ካስማዎች ከጭቃ ውስጥ ተቈፍረው ወጥተው ዛሬም ይታያሉ።

ከሃኖይ እስከ ወደቡ ያለው መንገድ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቀድሞ አራት ሰዓት ያህል ይፈጅ የነበረው ጕዞ፣ ፈጣኑ መንገድ ከተከፈተበት ከ2018 ወዲህ በሁለት ሰዓት ተኩል ያልቃል። ከመኪናው መስኮት የሚታየው የሩዝ እርሻና በእርሻው መካከል የተሠራ የመቃብር ቤት ነው፤ የዚያ አገር ሰው ወላጁን ከሚያርሰው መሬት ላይ መቅበር ይወዳልና።

የእናታችን ነገር የተነሣው በዚሁ መንገድ ላይ ነበር። ከአዲስ አበባ ስንነሣ ጀምሮ ስለ መርከቡ ብዙም አልተናገሩም። ወደቡ ሲቃረብ ግን እንዲህ አሉ፦ «የብስ ሞልቶ ሳለ ከባሕር ላይ ማደር ምን ይባላል? እኔስ ቀን ቀን እያየሁ ውዬ፣ ማታ ከምድር ብታሳድሩኝ ይሻለኛል።»

«እማዬ፣ መርከቡ እኮ ሌሊት አይሄድም፤ መልሕቁን ጥሎ ቆሞ ነው የሚያድረው» ብለን መለስንላቸው።

«በቅሎም ታስራ ታድራለች፤ ገመዷን የበጠሰች ለት ግን ማን ይይዛታል?» አሉና ዝም አሉ።

ይህ የአሮጊት ፍርሃት ብቻ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። በየካቲት ወር 2011 በዚሁ ባሕረ ሰላጤ ቆሞ ያደረ አንድ የጐብኚዎች መርከብ፣ ሊነጋ ሲል ውሃ ገብቶበት ሰጥሞ 12 ሰዎች በተኙበት ሞተዋል። በመስከረም 2024 ያጊ የተባለው ታላቅ ዐውሎ ነፋስ በመጣ ጊዜ ብዙ መርከቦች ከወደብ ሳሉ ሰጥመዋል። በሐምሌ 2025 ደግሞ ቀን በቀን ድንገተኛ ነፋስና ዝናብ ተነሥቶ አንድ መርከብ ገልብጦ፣ ከ30 የሚበልጡ ሰዎች፣ ከእነርሱም መካከል ሕፃናት፣ አልቀዋል። የወደቡ ባለ ሥልጣኖች የአየሩን ጠባይ እየተከታተሉ ማዕበል ሲያሠጋ መርከቦች እንዳይወጡ ይከለክላሉ። ጕዞ ተሰረዘ ሲባል የሚያጕረመርም እንግዳ ሁልጊዜ አለ፤ በዚያ ክልከላ የሚበሳጭ ሰው ግን ያለፈውን ያልሰማ ነው። በአጠቃላይ ከሰኔ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ የዐውሎ ነፋስ ወራት ስለ ሆነ፣ ቤተ ሰብ ይዞ የሚሄድ ሰው ሌላውን ወራት ይምረጥ። እኛ የሄድነው በኅዳር ነው፤ ሰማዩ የጠራ፣ ባሕሩም እንደ ኵሬ የረጋ ነበር።

በቱዋን ቻው ወደብ ስንደርስ መርከቦቹ ነጭ በነጭ ሆነው ተሰልፈው አገኘናቸው። ቀድሞ ቡናማ የእንጨት መልክ የነበራቸው ሲሆኑ፣ በ2012 የክፍለ አገሩ መንግሥት ሁሉም ነጭ ቀለም እንዲቀቡ አዘዘ። በአሮጌ ሥዕል የሚታየው ቀይ ሸራ የወጠረ ጥንታዊ መርከብ ዛሬ ብዙ የለም፤ ካለም ሸራው ለጌጥ የተሰቀለ ነው፤ የሚጐትተው ሞተር ነው። ስለ ቀለሙ የእኛን አሳብ የሚጠይቅ ባይኖርም፣ ቡናማው ከድንጋዩ ጋር ይስማማ ነበር እንላለን።

መርከባችን ሦስት ደርብና ወደ ሃያ የሚጠጉ ክፍሎች ነበራት። ከመነሣታችን በፊት አንድ የመርከቡ ሠራተኛ ሰዎቹን ሁሉ ሰብስቦ፣ የመንሳፈፊያው ሰደርያ ከየት እንደሚገኝና እንዴት እንደሚታሰር አሳየ። ብዙዎቹ እንግዶች በዚያን ጊዜ ፎቶግራፍ ያነሡ ነበር። እናታችን ግን ከፊት ወንበር ተቀምጠው አንድ ቃል ሳያልፋቸው አዩ፤ በኋላም ሰደርያውን አስመጥተው በነጠላቸው ላይ ለበሱትና ማሰሪያውን ሦስት ጊዜ ፈተው አሰሩት። ከዚያ ወዲያ እስክንመለስ ድረስ ሰደርያው ከራስጌያቸው አልራቀም። ክፍል ሲሰጣቸውም መስኮቱ የሚከፈት መሆኑን አስቀድመው መረመሩ። አረጋውያንን ይዞ ለሚጓዝ ሰው የምንመክረው ይህንኑ ነው፤ ክፍሉ ከታችኛው ደርብ ይልቅ ከመካከለኛው ቢሆን፣ በሩም ሌሊት በቍልፍ ባይዘጋ ይመረጣል።

ከቀትር በኋላ መርከቢቱ ወጣች። ለግማሽ ሰዓት ያህል ከፊታችን የሚታየው እንደ ግራጫ ደመና ያለ ነገር ነበር። ከዚያ ደመናው ተከፋፍሎ እየሰፋ መጣና በድንጋዮቹ መካከል ገባን። የአንዱ ጥላ በሌላው ላይ ይወድቃል፤ ከፊት ያለው መንገድ የተዘጋ ይመስልና መርከቢቱ ስትጠጋ ይከፈታል። ከውሃው ወለል ጋር በሚገናኙበት ስፍራ ማዕበሉ ዙሪያቸውን ቦርቡሮ ስለ በላቸው፣ ከታች ቀጥነው ከላይ የሰፉ ብዙዎች ናቸው። ሰዎቹ ለእያንዳንዱ ስም አውጥተውለታል፤ ሁለት ዶሮዎች ፊት ለፊት የሚዋጉ የሚመስሉ አሉ፤ የዕጣን ማጨሻ የሚመስልም አለ። የዕጣን ማጨሻው ሥዕል በአገሩ የ200,000 ዶንግ የገንዘብ ወረቀት ላይ ታትሟል። ትንሹ ልጃችን ያንን ወረቀት ይዞ ከድንጋዩ ጋር ሲያስተያይ ቆየና «ጥናውን ወደ ባሕር ማን አወጣው?» ብሎ ጠየቀን።

ዕለቱ ዓርብ ስለ ነበረ የምሳው ነገር ያሳስበን ነበር። በዚያ ባሕር ላይ የሚቀርበው ማዕድ ከሞላ ጐደል ዓሣና የባሕር እንስሳ ነው። ዓሣ በሌለበት ወጥ እንኳ ከዓሣ ተፈልቶ የወጣ «ንዎክ ማም» የሚሉት ጨዋማ ውሃ እንደ ጨው ይጨመራል፤ ይህንንም የማያውቅ ሰው አትክልት በላሁ ብሎ ሳያውቅ ጾሙን ሊያፈርስ ይችላል። መፍትሔው ግን ቀላል ሆኖ አገኘነው። የዚያ አገር ቡድሂስቶች በጨረቃ ወር በመጀመሪያውና በዐሥራ አምስተኛው ቀን ከሥጋና ከዓሣ ስለሚከለከሉ፣ «ቻይ» የሚል አንድ ቃል አላቸው። ያንን ቃል ሲሰማ ወጥ ቤቱ ምንም ሌላ ጥያቄ አይጠይቅም። «ቻይ ነን» ባልን ጊዜ ከአኩሪ አተር የተሠራ ቶፉ በቲማቲም፣ እንጕዳይ፣ በውሃ ዳር የሚበቅል ጐመንና ነጭ ሩዝ መጣልን። ዕንቍላልም ወተትም እንዳይገባበት ግን ለይቶ መናገር ያስፈልጋል። አስተናጋጁ ልጅ ከሁሉ ይልቅ የተደነቀው፣ በዓመት ስንት ቀን እንደምንጾም በሰማ ጊዜ ነበር፤ ሄዶ ለወጥ ቤቱ ነገረው፤ ወጥ ቤቱም ብቅ ብሎ አየን።

ከቀትር በኋላ ሱንግ ሶት ወደሚባለው ዋሻ ወሰዱን። ፈረንሳዮች በያዙት ዘመን «የድንገተኛ ዋሻ» ብለው ሰይመውታል። የመጀመሪያው አዳራሽ መጠነኛ ነው፤ ከዚያ በጠባብ መተላለፊያ ሲያልፉ በሁለተኛው አዳራሽ ጣሪያው ከፍ ብሎ ብዙ ሺህ ሰው ሊይዝ የሚችል ባዶ ይከፈታል። ከጣሪያው የተንጠለጠለው፣ ከወለሉ የበቀለው ድንጋይ ብዙ ነው። ነገር ግን ባለ ቀለም መብራት አብዝተውበታል፤ ድንጋዩ የራሱ መልክ ሳያንሰው አረንጓዴና ሐምራዊ አልብሰውታል። የሰውም ብዛት ቆም ብሎ ለማየት አያስችልም፤ ከኋላ የሚመጣው ይገፋል። ስለ ዋሻው ከዚህ የበለጠ አንጽፍም።

ከዚያ ቀጥሎ ያለችው ትንሽ ደሴት ግን ስሟ ራሱ ታሪክ ነው። ቲ ቶፕ ትባላለች፤ ሶቪየቱ የጠፈር ተጓዥ ጌርማን ቲቶቭ በ1962 ከሆ ቺ ሚን ጋር ሊጐበኛት በመጣ ጊዜ በስሙ ሰየሟት። ቲቶቭ በነሐሴ 1961 በ25 ዓመቱ ምድርን ከአንድ ቀን በላይ የዞረ፣ በጠፈር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ የተኛ ሰው ነው። ደግሞም በዚያ ከፍታ ራሱን አዙሮት የታመመ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው። ይህን ለእናታችን በነገርናቸው ጊዜ፣ በመርከቢቱ መነቅነቅ ጥቂት ራሳቸውን አዙሯቸው ነበርና፣ «እንግዲያስ ብቻዬን አይደለሁም» አሉ። ከ400 በላይ የሆነውን ደረጃ ወጥተን ከጫፉ ስንደርስ፣ ድንጋዮቹ ሁሉ ከእግራችን በታች ሆነው፣ በመካከላቸው የቆሙት ነጫጭ መርከቦች እንደ ተበተነ ወረቀት ታዩን። እናታችን ከታች በአሸዋው ዳር ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ጠበቁን።

ከሁሉ ይልቅ በልባችን የቀረው ግን በታንኳ ያለፍንበት ሰዓት ነው። ሉዎን የሚባል፣ ከውሃው በላይ ጥቂት ከፍ ያለ የድንጋይ ቅስት አለ፤ መርከብ አይገባበትም። ባሕሩ በጐደለ ጊዜ በትንሽ ታንኳ ራስን ዝቅ አድርጎ ሲያልፉ፣ በዙሪያው ገደል የከበበው፣ ድምፅ የማይሰማበት የተዘጋ ኵሬ ይገኛል። የምትቀዝፍልን ሴት ዕድሜዋ ወደ አርባ የሚደርስ፣ የቅጠል ሹል ባርኔጣ ያደረገች፣ ፊቷን በጨርቅ የሸፈነች ነበረች። እናታችን ያለ ሰደርያቸው እንዳልሆኑ አይታ ፈገግ አለችና፣ በእጇ ደግፋ ከታንኳዋ መካከል አስቀመጠቻቸው።

አስጐብኚው እያስተረጐመልን ጥቂት አነጋገርናት። የተወለደችው በምድር ላይ አይደለም። ኩአ ቫን በሚባለው፣ ቤቶቹ ሁሉ በተንሳፋፊ ነገር ላይ ተሠርተው ከድንጋዮቹ መካከል ታስረው ይኖሩበት በነበረው የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። አባቷም አያቷም በዚያ ኖረዋል። በ2014 መንግሥት ከ300 የሚበልጡ የባሕረ ሰላጤውን ቤተ ሰቦች ወደ የብስ አውጥቶ ቤት ሰጣቸው፤ ምክንያቱም የባሕሩ ንጽሕና እንዲጠበቅ፣ ሕዝቡ ከዐውሎ ነፋስ እንዲድን፣ ልጆቹም ትምህርት እንዲያገኙ ነው። እርሷም ከእነዚያ አንዷ ናት። አሁን ጧት ጧት ከየብስ ወደ ተወለደችበት ባሕር እየመጣች እንግዳ ታዞራለች።

«የብሱ ተሻለሽ ወይስ ባሕሩ?» ብለን ጠየቅናት።

መቅዘፊያዋን ሳታቆም ጥቂት አሰበችና፣ መብራት መኖሩ፣ ንጹሕ ውሃ ከቧንቧ መውረዱ፣ ልጆቿም በየቀኑ ትምህርት ቤት መሄዳቸው መልካም ነው አለች። ባሏ ግን ከዓሣ ማጥመድ በቀር ሌላ ሥራ አያውቅም፤ ከወደቡ እስከ ማጥመጃው ያለው መንገድ ደግሞ ለነዳጅ ብዙ ገንዘብ ይበላል። ቀጥላም እየሳቀች፣ በመጀመሪያው ወር ሁሉም እንቅልፍ አጥተው እንደ ነበር ነገረችን፤ አልጋው ስለማይነቀነቅ።

ይህ ሲተረጐምላቸው እናታችን ሳቁ። ከዚያ ራሳቸው ጠየቁ፦ «ልጆችሽ ዋና ያውቃሉ?»

ታላቁ ያውቃል፤ በባሕር ሳለ ሕፃናት እንዳይወድቁ በወገባቸው ገመድ ታስሮ ያድጉ ነበር፤ ከገመዱም ሲፈቱ ዋናተኛ ሆነው ነው። ታናሽቱ ግን በየብስ ስለ ተወለደች አታውቅም፤ ውሃ ትፈራለች አለች። ከዚህ በኋላ አልተናገረችም፤ እኛም አልጠየቅናትም። ታንኳዋ ከኵሬው ወጥታ ወደ መርከቡ ተመለሰች። ስንወርድ እናታችን እጇን ይዘው በአማርኛ መረቋት፤ እርሷም ባርኔጣዋን አውልቃ በቋንቋዋ መለሰችላቸው። ይህን የተረጐመ ሰው አልነበረም።

ማታ መርከቦቹ ሁሉ ባለ ሥልጣን በወሰነላቸው ስፍራ ተሰብስበው መልሕቅ ይጥላሉ። ብቻችንን በባሕር ላይ እናድራለን ብሎ የሚያስብ ሰው እዚህ ላይ ያዝናል፤ በዙሪያችን ከ20 የማያንሱ መርከቦች መብራታቸውን አብርተው ቆመው ነበርና። ከአንደኛው ዘፈን ይሰማ ነበር። እንግዶቹ በረዥም ቀርከሃ መንጠቆ ይዘው፣ ውሃው ላይ ጠንካራ መብራት አብርተው ስኩዊድ የሚባለውን ብዙ እግር ያለው የባሕር እንስሳ ያጠምዳሉ፤ ወደ ብርሃን ስለሚሳብ ነው። ልጆቻችን ለሁለት ሰዓት ያህል ቆመው አንድም አልያዙም። ከአራት ሰዓት በኋላ ዘፈኑ ቆመ፤ መብራቱም አንድ በአንድ እየጠፋ፣ የመብራት ኀይል የምትሰጠው ሞተር ድምፅ ብቻ ቀረ።

እናታችን ዳዊታቸውን ደግመው ሲጨርሱ ክፍላቸው ገብተው አልተኙም። ከደርቡ ላይ ወንበር አስወጥተው፣ ጋቢ ተከናንበው፣ ሰደርያውን በጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ሌሊት ሰባት ሰዓት ገደማ ልናያቸው ስንወጣ፣ ሌሊቱን የሚጠብቀው የመርከቡ ዘበኛ ከአጠገባቸው ሌላ ወንበር አምጥቶ ተቀምጧል። ቋንቋ የላቸውም። እርሱ በጣቱ ደሴቶቹን እያሳየ ስማቸውን ይጠራል፤ እርሳቸውም እየደገሙ ይሉታል። ጨረቃ ወጥታ ስለ ነበር ድንጋዮቹ ጥቁር፣ ውሃው ብር ሆኖ ይታይ ነበር። «ይህ ልጅ የማያንቀላፋ ከሆነ እኔ ልተኛ እችላለሁ» አሉና ገቡ። ጧት ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እኛ ቀስቅሰናቸዋል።

በነጋታው ከደርቡ ላይ እንግዶቹ በአስተማሪ እየተመሩ «ታይ ቺ» የሚባለውን ዝግ ያለ የሰውነት እንቅስቃሴ ሲያደርጉ፣ እኛ ከወጥ ቤት ደጃፍ ቆመን ነበር። ከቤት የተቈላና የተወቀጠ ቡና ይዘን መጥተን ነበርና፣ ውሃ እንዲያፈሉልን ለመንን። ቪየትናም ከብራዚል ቀጥሎ በዓለም ብዙ ቡና የምታመርት አገር ናት፤ ዘሩን የፈረንሳይ ሚሲዮናውያን በ1857 እንዳመጡት ይነገራል። ይሁን እንጂ የሚበዛው ሮቡስታ የተባለው መራራና ኀይለኛው ዓይነት ነው፤ እነርሱም በትንሽ የብረት ማጥለያ አንጠባጥበው፣ ጣፋጭ የጣሳ ወተት ከሥሩ አድርገው ይጠጡታል። ወጥ ቤቱ የእኛን ቀመሰና ዐይኑን ጨፍኖ ቆየ። ከዚያ የእርሱን አቀረበልን። ወተቱን ትተን ጠጣነው፤ እንቅልፍን በማባረር በኩል የእርሱ ያይላል፤ በመዓዛ በኩል ግን ከቤታችን የመጣው አይነካም። እናታችን ግን ፈርደው «ጀበና የለውም እንጂ ሰውየው ቡና ያከብራል» አሉ።

ስለ ባሕረ ሰላጤው ስንጽፍ ውበቱን ብቻ ብንነግር አንባቢን መበደል ይሆናል። ስፍራው በ1994 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ስለ መልኩ፣ በ2000 ደግሞ ስለ ድንጋዩ አፈጣጠር ነው፤ በ2023 የካት ባ ደሴቶች ተጨምረውለታል። ነገር ግን ከባሕሩ ዳር የቪየትናም ዋና የድንጋይ ከሰል ማዕድን አለ፤ ከፈረንሳዮች ዘመን ጀምሮ ሲቈፈር ኖሮ፣ ዛሬም የከሰል መርከቦች ከነጫጮቹ መርከቦች ጐን ያልፋሉ። በውሃው ላይ ላስቲክና የዓሣ ማርቢያ የነበረ ነጭ ፎም ተንሳፎ አይተናል። ከ2019 ጀምሮ በመርከቦቹ ላይ አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉት ላስቲክ ተከልክሏል፤ በእኛም መርከብ ውሃ የቀረበው በጠርሙስ ነበር። በካት ባ ገደሎች ላይ በዓለም ሌላ ስፍራ የማይገኝ ራሱ ወርቃማ የሆነ ጦጣ ይኖራል፤ የቀረው ከ100 አይበልጥም። እኛ አላየነውም፤ ለማየት የሚሄድ መርከብ ሁሉ ደግሞ ከሩቅ ቢቆም ይሻላል። ሰው የበዛበትን መንገድ ለመሸሽ የሚፈልግ ቤተ ሰብ ወደ ላን ሃ ወይም ወደ ባይ ቱ ሎንግ የሚሄደውን መርከብ ይጠይቅ፤ ድንጋዩ አንድ ነው፤ ጸጥታው ግን ይበልጣል። ገንዘብ ከመክፈል በፊት መርከቡ በየትኛው ባሕር እንደሚያድር በጽሑፍ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ሻጩ ሁሉንም ሃሎንግ ብሎ ይጠራዋልና።

ወደ ወደቡ የተመለስነው ቀትር ሳይሆን በፊት ነው። ዘበኛው ልጅ የእናታችንን ዕቃ ተሸክሞ አወጣላቸውና፣ ሰደርያውን መልሰው ሲሰጡት ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበለ። ገና ከድልድዩ ሳንወርድ፣ የታጠበ አንሶላ የተሸከሙ ሴቶች በሌላው በኩል ወደ መርከቢቱ ይገቡ ነበር፤ ከወደቡ አዳራሽ ውስጥም የዚያ ቀን እንግዶች ሻንጣቸውን ይዘው ተሰልፈው ይጠብቁ ነበር።